የከብት ጭርትና የሰውነት መከላከያ ኃይል፦ ከአጥቢያዎቻችን ምን ይጠበቃል?

(በጋምቤላ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። እንደ አባ ሰንጋ በአንድ ሌሊት ከብት የሚጥል፣ እንደ ሳምባ በሽታ መንጋ የሚጨርስ ደዌ አይደለም። በጥጃ ዓይን ዙሪያ፣ በጆሮውና በአንገቱ ላይ አመድ የመሰለ ቅርፊት እየሠራ ጠጕር የሚያረግፈው፣ ሁላችንም ጭርት ብለን የምናውቀው የቆዳ በሽታ ነው።

ይህን ርእስ የመረጥነው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የከብት ጭርት ከጥጃ ወደ ሕፃን፣ ከላም ወደ አላቢዋ እናት ይተላለፋል። ሁለተኛ፣ መልኩ ጭርትን የሚመስል፣ ነገር ግን ጭርት ያልሆነና ከብት የሚገድል ሌላ በሽታ በአካባቢያችን አለ፤ የሁለቱ መፍትሔ የተለያየ ነው። ሦስተኛ፣ ድኃው ወገናችን በብዙ ድካም ያገኘውን ገንዘብ ለማይጠቅም መድኃኒት ያወጣል፤ ይባስ ብሎም አንዳንዱ መድኃኒት በሽታውን የሚያሸንፈውን የሰውነት ኃይል ያዳክማል። ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ጭርትን በመጨረሻ የሚያድነው የከብቱ የራሱ የመከላከያ ኃይል ነው፤ የእኛ ድርሻ ያንን ኃይል ማገዝና መንገዱን አለመዝጋት ነው።

ፈንገሱና መኖሪያው

የከብት ጭርትን የሚያመጣው በሳይንሳዊ ስሙ ትራይኮፋይተን ቬሩኮሰም የሚባል ፈንገስ ነው። ምግቡ ኬራቲን ነው፤ ይኸውም ጠጕር፣ ቀንድ፣ ሰኮናና የቆዳ የላይኛው ሽፋን የተሠሩበት ጠንካራ ፕሮቲን ነው። ፈንገሱ የሚኖረው በሞተው የቆዳ ሽፋንና በጠጕር ውስጥ እንጂ በደምና በሥጋ ውስጥ አይደለም። በዚህም ምክንያት በሽታው በአብዛኛው አይገድልም። ይሁን እንጂ የሰውነት ዘቦች የሚመላለሱት በደም ነው፤ ጠላት ደግሞ ደም በማይደርስበት በቅጥሩ ውጫዊ ገጽ ላይ ሰፍሯል። ስለዚህ ዘቦቹ ፈጥነው አያገኙትም። ጭርት ለሳምንታትና ለወራት የሚቆየው ስለዚህ ነው።

የፈንገሱ ዘር፣ ማለትም በዓይን የማይታየው ስፖር፣ በደረቀ ቅርፊትና በረገፈ ጠጕር ውስጥ ሆኖ ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ ለዓመታት ሕያው ሆኖ ይቆያል። በጋምቤላ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናስተውል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ያለች፣ ሞቃትና ርጥበት የበዛባት ናት። ክረምት ሲገባ ባሮና ሌሎቹ ወንዞች ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ኑዌር ወንድሞቻችንም ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ከፍታ ቦታ ይወጣሉ። ከብቶቹ ሌሊቱን ሉዋክ በሚባለው፣ ክዳኑ ሣር በሆነ ትልቅ የከብት ቤት ውስጥ ተጠጋግተው ያድራሉ። በበጋ በወንዝ ዳር ሰፈር በፀሐይና በነፋስ ተበትኖ የነበረው መንጋ በክረምት ቆዳ ለቆዳ ይነካካል። አምና የታመመ ጥጃ የታሰረበት ገመድና የተሻሸበት ችካል ዘንድሮ ለሌላው ጥጃ ፈንገሱን ያቀብለዋል።

ይህን ስንል የአባቶችን ልማድ ለመንቀፍ አይደለም። በሉዋክ ውስጥ የሚጨሰው የኩበት ጢስ ዝንብና ትንኝ ያባርራል፤ በከብቱ ገላ ላይ የሚቀባው አመድም እርጥበት ይመጥጣል። መጨመር የሚያስፈልገው የታመመውን ጥጃ ለይቶ ማሰርንና ገመዱን ለብቻው ማድረግን ነው።

ሰውነት እንዴት ይዋጋል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የፈንገሱ ዘር በተፋቀ ወይም በራሰ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ያቆጠቁጥና ኬራቲንን የሚያሟሟ ንጥረ ነገር እያመነጨ ወደ ጠጕሩ ሥር ይገባል። የቆዳ ሕዋሳት ባዕድ ነገር መግባቱን ሲያውቁ የማስጠንቀቂያ ንጥረ ነገሮችን ይለቃሉ። በዚህ ጥሪ መጀመሪያ የሚደርሱት ጠላትን በደፈናው የሚያጠቁ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። እነዚህ ሥርጭቱን ያዘገዩታል እንጂ ብቻቸውን ጨርሰው አያጠፉትም።

በዚሁ ጊዜ በቆዳ ውስጥ ያሉ ሌሎች ሕዋሳት የፈንገሱን ቅንጣት ይዘው በአቅራቢያው ወዳለው ንፍፊት ይሄዳሉ። በዚያም ያንን ፈንገስ ብቻ ለይተው የሚያውቁ፣ ቲ ሕዋሳት የሚባሉ ዘቦች ይባዛሉ። ይህ ሥራ ሳምንታት ይወስዳል። ቲ ሕዋሳቱ ወደ ቆዳው ሲደርሱ አካባቢው ይቆጣል፤ ይቀላል፤ ያብጣል። የቆዳው አዲስ ሕዋስ ከሥር እየፈጠነ ይወጣና የላይኛውን ሽፋን ከነፈንገሱ ገፍቶ ይጥለዋል። እንግዲህ ቅርፊቱ መርገፉና ቆዳው መቆጣቱ ሁልጊዜ የመባባስ ምልክት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ትግሉ የመጀመሩ ምልክት ነው።

ጭርት ክብ እየሠራ የሚሰፋበት ምክንያትም ይኸው ነው። ፈንገሱ ከተነሣበት ነጥብ ወደ ውጭ ይሰፋል፤ መከላከያው ቀድሞ የደረሰበት መካከሉ ይጠራል፤ ዳሩ ግን ገና ይዋጋል። ስለዚህ በጠራው መካከል ተታለን ድኗል ማለት አይገባንም፤ መመርመር ያለብን ዳሩን ነው።

ብዙዎቻችን ሰውነት የሚከላከለው በደም ውስጥ በሚገኙ ፀረ እንግዳ አካላት ብቻ ይመስለናል። በጭርት ላይ እነዚህ ቢፈጠሩም ዋናውን ሥራ የሚሠሩት እነርሱ አይደሉም። በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ከዳነ እንስሳ የተወሰደ የደም ውኃ ለሌላው ሲሰጥ ከፈንገሱ አልጠበቀውም፤ ቲ ሕዋሳቱ ሲሰጡት ግን መከላከያው አብሮ ተላልፏል።

በአብዛኛው ጤናማ ጥጃ ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ያለ መድኃኒት ይድናል። ከዳነም በኋላ ሰውነቱ ጠላቱን ያስታውሳል። ከብት አርቢዎቻችን ይህን በዓይናቸው ያዩታል፤ አምና በጭርት የተሠቃየች ጊደር ዘንድሮ በሽተኞች መካከል እያደረች ንጹሕ ትሆናለች። በሽታው በጥጆች ላይ የሚበረታውም ጥጃ ይህን ትውስታ ገና ስላላገኘ ነው። በአንጻሩ የተራበ፣ የሆድ ትል ያከሳው፣ ወተት የተነፈገው ጥጃ ዘብ የሚያሠለጥንበት አቅም የለውም፤ ጭርቱም በገላው ሁሉ ይሰፋል።

የሚመስለው ግን ያልሆነው

ክቡራን ሆይ፤ እዚህ ላይ አጥብቀን እንድንለየው የሚያስፈልግ ነገር አለ። በክረምት በከብት ጀርባ፣ ጎንና ብሽሽት ላይ ጠጕርን በጥብጣብ እንደተጣበቀ ብሩሽ አያይዞ የሚነሣ ወፍራም ቅርፊት ይታያል። ቅርፊቱ ሲነቀል ከሥሩ ጥሬ፣ እርጥብና መግል ያዘለ ቆዳ ይገኛል። ብዙዎች ይህንንም ጭርት ይሉታል። ነገር ግን ፈንገስ አይደለም፤ ደርማቶፊለስ ኮንጎሌንሲስ የሚባል ባክቴርያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 ቫን ሳኬጌም የተባለ የእንስሳት ሐኪም በቤልጂግ ኮንጎ ከገለጸው በኋላ፣ እንደ ፈንገስ ክር እየሠራ ስለሚያድግ ለብዙ ጊዜ ከፈንገስ ወገን ተቈጥሮ ኖሯል። ባለሙያዎችን ያደናገረ በሽታ እረኛን ቢያደናግር አያስደንቅም።

የዚህ ባክቴርያ ረዳቶች ዝናብና መዥገር ናቸው። ዝናብ ቆዳውን ሲያርሰው ተንቀሳቃሽ ዘሮቹ ከቅርፊቱ ወጥተው ይሰራጫሉ። መዥገሮች ሁሉ ግን እኩል አይደሉም። ጀርባው በልዩ ልዩ ቀለም ያጌጠ፣ እግሩ ቀለበት ቀለበት ያለው፣ አምብሊዮማ ቫሪየጌተም የሚባለው ትልቅ መዥገር ከሁሉ የከፋው ነው። ጉዳቱ ቆዳን በመብሳት ብቻ አይወሰንም፤ በምራቁ ያለው ንጥረ ነገር የከብቱን መከላከያ ኃይል ያዳክማል። ስለዚህ መዥገሩ በጡት ወይም በብሽሽት ተጣብቆ ሳለ ቁስሉ መዥገር በሌለበት ጀርባ ላይ ሊባባስ ይችላል። በጭርት ላይ ድል የሚነሣው የሰውነት ኃይል በዚህኛው በሽታ ተጠልፎ ይወድቃል። የተጎዳው ከብት ይከሳል፤ ወተቱ ይነጥፋል፤ ቆዳው ዋጋ ያጣል፤ ሕክምና ካላገኘም ሊሞት ይችላል።

መለያውን በአጭሩ እናስቀምጠው። ደረቅ፣ አመዳማ፣ ክብ፣ በጥጃ ራስና አንገት ላይ የሚበዛ ከሆነ ጭርት መሆኑን እንጠርጥር፤ ንጽሕናና ጊዜ ያድነዋል። እርጥብ፣ ወፍራም፣ መግል ያዘለ፣ በዝናብ ወራት በትልልቅ ከብቶች ጀርባና ጎን ላይ የሚበረታ፣ መዥገርም ያለበት ከሆነ ግን መጠበቅ አይገባም፤ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል። ለዚህኛው ባክቴርያን የሚገድል መድኃኒት አለው፤ ለጭርት የሚሰጥ የአንቲባዮቲክ መርፌ ግን ገንዘብን ከማባከን በቀር ፈንገሱን አይነካውም። መላ ገላን በእባጭ የሚሞላና ትኩሳት ያለው ደግሞ በቫይረስ የሚመጣ ሌላ በሽታ ስለሚሆን እርሱም ለሐኪም መነገር አለበት።

ከጥጃ ወደ ሰው

በኑዌር ባህል ላም የሚያልቡት ሴቶች፣ ልጃገረዶችና ገና ለወግ ያልደረሱ ወንዶች ልጆች ናቸው። ጥጃ የሚያስሩትና የሚያቅፉትም ልጆች ናቸው። ስለዚህ የከብት ጭርት የሚያገኛቸው እነርሱን ነው። ትምህርቱን ለአባወራዎች ብቻ ነግረን ብንመለስ ለባለ ጉዳዩ አልነገርንም ማለት ነው።

በሰው ላይ የከብቱ ፈንገስ ለየት ያለ ጠባይ አለው። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፉት የጭርትና የቆረቆር ፈንገሶች ከሰው ቆዳ ጋር ስለተላመዱ ብዙ ቁጣ ሳያስነሡ ለረጅም ጊዜ ይቆያሉ። ከከብት የመጣው ግን ለሰው ሰውነት እንግዳ ስለሆነ መከላከያው በኃይል ይነሣበታል። ክንድ፣ አንገት ወይም የሕፃን ራስ በከፍተኛ ሁኔታ ያብጣል፤ መግል የቋጠረ እባጭ ይመስላል። ብዙ ሰው ይህን በምላጭ ያስበጣል። ይህ ስሕተት ነው፤ ሕመምና ጠባሳ ይጨምራል እንጂ አያድንም። የሚያስፈልገው በጤና ጣቢያ የሚታዘዝ የፈንገስ መድኃኒት ነው፤ የራስ ቅል ላይ ከሆነም የሚዋጥ እንጂ የሚቀባ ብቻ አይበቃውም።

ከዚህ የባሰ ሌላ ልማድ አለ። ማሳከክን ያስታግሣል ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ፣ ቤታሜታሶንን የመሰለ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት በየቤቱ ይገኛል። ይህ ቅባት የቆዳውን ቁጣ ጸጥ ያደርጋል፤ ቅላቱም ይጠፋል፤ ሰውየውም ዳንኩ ይላል። ጸጥ ያለው ግን ጠላት ሳይሆን ዘቡ ነው። ፈንገሱ ያለ ከልካይ በቆዳው ላይ ይሰፋል፤ መልኩም ተለውጦ ሐኪም እንኳ ለመለየት ይቸገራል። ስለዚህ ጭርት በሚመስል ነገር ላይ እንዲህ ያለ ቅባት አታድርጉ ብላችሁ አስተምሩ።

በተጨማሪም በአዋቂ ሰው ላይ በገላው ሁሉ የሚሰፋና እየዳነ የሚመለስ የፈንገስ ሕመም መከላከያው መድከሙን ሊያመለክት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት መካከል የኤች አይ ቪ ሥርጭት በጋምቤላ 4.8 ከመቶ ሲሆን በአገር አቀፍ ደረጃ 0.9 ከመቶ ነበር። ይህን የምንጠቅሰው ማንም ሰው ቆዳ አይቶ እንዲፈርድ አይደለም፤ እንዲያውም ሐሜቱ ሰውን ከሕክምና ያርቀዋል። ካህን ለንስሐ ልጁ በምሥጢር ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ ቢለው ግን ሕይወት ያድናል። ጠበል የሚጠመቅ ሰውም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ይመከር።

ክትባትና ዝርያ

ከጭርት የዳነ ከብት ትውስታ የሚይዝ ከሆነ፣ ሳይታመም ትውስታውን ልንሰጠው አይቻልምን? ይቻላል። በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ሳርኪሶቭ የተባሉ ሊቅና ባልደረቦቻቸው ኃይሉ ከቀነሰ ሕያው ፈንገስ የከብት ጭርት ክትባት ሠሩ፤ ክትባቱም እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በሥራ ላይ ዋለ። በሳምንታት ልዩነት ሁለት ጊዜ በሥጋ ላይ ይወጋል። ኖርዌይ ይህንኑ ክትባት ከበረት ጽዳትና ከመለየት ጋር አያይዛ በመስጠቷ በሽታውን እጅግ ቀንሳዋለች። ክትባቱ ብቻውን አልነበረም፤ በረት ያልጸዳበት ክትባት ግማሽ ሥራ ነው። በአገራችን ለከብት በመደበኛነት ከሚሰጡት ክትባቶች መካከል የጭርት ክትባት ስለሌለ፣ በእጃችን ያለው መሣሪያ ያ ሁለተኛው ግማሽ ነው፤ እርሱም ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

መግል ለሚይዘው የባክቴርያ ቁስል ደግሞ አስተማማኝ ክትባት ባለመኖሩ በማርቲኒክ ደሴት ሌላ መንገድ ተሞክሯል። በዘር የሚተላለፍ የመከላከያ ምልክት እየተመረመረ ለበሽታው የሚጋለጡት ከብቶች ከእርባታ ሲወጡ፣ በሽታው በ5 ዓመት ውስጥ ከ76 ከመቶ ወደ 2 ከመቶ ወርዷል። እኛ ያ ምርመራ ባይኖረንም ዓይን አለን። በአንድ ዝናብ፣ በአንድ መዥገር መካከል እያደረች ቆዳዋ ሳይቆስል የምትከርም ላም ካለች፣ የእርስዋን ወይፈን ለኮርማነት ማስቀረት ብልኅነት ነው።

ሰበካ ጉባኤ ምን ያድርግ?

በኦሪት ዘሌዋውያን ካህናት የቆዳን ደዌ እንዲመለከቱ፣ የሚያጠራጥረውን ለሰባት ቀን እንዲለዩና ዳግመኛ እንዲያዩት ታዘው ነበር። ማየት፣ መለየት፣ ተመልሶ ማየት፤ ይህ ሥርዓት ለዛሬው ጉዳያችንም ይሠራል። መለየት ማለት ግን መጣል አይደለም።

ስለዚህ ከሚከተሉት እንጀምር።

1. ለቤተ ክርስቲያን በስለት የሚመጣ ጥጃ ወይም ወይፈን ከየመንጋው የመጣ ነውና ለ4 ሳምንታት ለብቻው ይታሰር። በሽታው ከተላለፈ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ስለሚወስድ፣ ዛሬ ንጹሕ መስሎ የገባው ነገ ሊታመም ይችላል።

2. ከክረምት በፊት በሚያዝያ፣ በረቶችና ሉዋኮች ይጠረጉ፤ የረገፈ ጠጕርና ቅርፊት ይቃጠል፤ አሮጌ ገመድ ይለወጥ፤ ችካል ይፋቅና ፀሐይ ይምታው።

3. የታመመው ጥጃ ቀን ቀን ፀሐይ ላይ ይዋል። ቅርፊቱ በሳሙና ውኃ ርሶ በብሩሽ ይነሣ፤ ባለሙያ እንዳዘዘውም አዮዲን ይቀባ። ይህን የሚሠራው ሰው እጁን በፕላስቲክ ይሸፍን፤ ሲጨርስም በሳሙና ይታጠብ።

4. የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ የባትሪ ውኃና ለእርሻ የሚረጭ ፀረ ተባይ በከብት ገላ ላይ አይደረግ። ቆዳውን ያቃጥላሉ፤ ከብቱ ሲልሰው ይመረዛል፤ በወተቱም ወደ ልጆቻችን ሊደርስ ይችላል።

5. ጥጃው እንገሩን በተወለደበት ዕለት ይጥባ፤ ከዚያም በኋላ የወተት ድርሻው አይነፈገው። እንገር ጭርትን በቀጥታ ባይከለክልም ከሌላ ሕመም ጠብቆ ያጠነክረዋል፤ የጠነከረ ጥጃ ደግሞ ጭርትን ቶሎ ይጥላል።

6. የመዥገር መድኃኒት ርጭት በወረዳው ባለሙያ መሪነት በአንድነት ይደረግ። አንዱ ረጭቶ ጎረቤቱ ቢተው መዥገሩ ተመልሶ ይመጣል።

7. ትምህርቱ በኑዌርኛ፣ በአኙዋክኛና በየአካባቢው ቋንቋ፣ በእናቶችና በእረኛ ልጆች ፊት ይሰጥ። የእምነት ወገናችን ያልሆነው ጎረቤትም ከብቱ ከእኛ ከብት ጋር በአንድ ወንዝ ይጠጣልና ሳይለይ ይጠራ።

ይህ ሁሉ ከሳሙና፣ ከብሩሽና ከጥቂት አዮዲን ያለፈ ዕቃ አያስወጣም። በኑዌር ዘንድ ከብት የጥሎሽ፣ የካሣና የዕርቅ መሠረት ነው፤ የአንድ ጥጃ መክሳት የአንድ ቤተሰብ ተስፋ መቀነስ ነው። በስደተኞች መጠለያዎች አጠገብ ባሉ ቀበሌዎች ደግሞ ጥቂት ከብት ብዙ አፍ ይጠብቃል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ክረምቱ ሳይገባና በሽታው ሳይዛመት እጃችንን ብናነሣ ቀሪውን ፈጣሪ በእንስሳው ገላ ውስጥ ያኖረው ኃይል ይፈጽመዋል።

በመጨረሻም አንድ ጥያቄ እናቀርባለን። እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ ከአባላቱ መካከል ሁለት ሰዎችን፣ ከሁለቱም አንዷን ሴት አድርጎ ይምረጥ። እነርሱም ከወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክና ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ይተዋወቁ፤ በክረምቱ መግቢያና መውጫ ስንት ጥጃና ስንት ሕፃን እንደታመመ፣ ስንቱም እንደዳነ ይመዝግቡ። መዝገቡ ካለ የትኛው በረት እንደሚደጋግመው፣ የትኛውም ላም ዘር እንደሚቋቋመው በዓመት ውስጥ በራሳችን ጽሑፍ እናውቃለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።